ጥጉ የታጠፈ ገጽ

ናቺያርኮይል፣ ጁላይ 4 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ እትዬ ሲቫካሚ
ኢፖ፣ ማሌዥያ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ዝናብ በማያባራበት አገር ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። አባትዎም ደህና ናቸው። ሰማንያ ዓመት ሞልቶዎታል፣ ይረፉ ብንላቸውም ጠዋት ጠዋት የመቅረዝ ወርክሾፑ በር ላይ ተቀምጠው የወንድምዎን ሥራ ይተቻሉ። ኢላንጎ የቀለጠ ናስ ሲያፈስ "እጅህ ተንቀጠቀጠ" ይሉታል። የሚንቀጠቀጠው ግን የራሳቸው እጅ ነው።

እትዬ፣ በሠርጌ ቀን ካየሁዎት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ልጄን አሙዳን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አያውቋትም። ሆኖም የትምህርት ቤት ክፍያዋን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚልኩልን እርስዎ ነዎትና አሁን የማስበውን ከሰው ሁሉ በፊት ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው።

ልጄ ትምህርት ቤት ባለ ቀን ሁሉ ሆዷን ያማታል። እሑድ አያማትም። ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ስልሳ ሁለት ልጆች አሉ፣ አስተማሪዋ አንድ ናት። ሄጄ ባነጋግራት "ልጅሽ ሁለት መስመር ማንበብ አትችልም፣ አፏም አይከፈትም" አለችኝ። እዚህ ቤት ግን አፏ የሚዘጋው ስትተኛ ብቻ ነው! መቅረዞቹን የምንጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ እሷ ሳታነበው አይታሸግም። ወሬው ከመሃል ሲቆረጥባት "ቀሪው የት አለ?" ብላ አባቷን ታስጨንቀዋለች። "ቀሪው ማዱራይ ከተማ ሄዷል ልጄ፣ መቅረዝ አልብሶ" ይላታል።

ባለፈው ወር ለአዲስ ቤታቸው መቅረዝ ሊያዝዙ ባልና ሚስት መጡ። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ሁለቱም ትምህርት ቤት ረግጠው አያውቁም። ቤት ውስጥ ነው የሚያስተምሯቸው። ትልቋ ልጅ ቅርጽ የምናወጣበትን የወንዝ ደለል በእጇ ዘግና "ናሱ ይህን ያህል ሲግል ይሄ ለምን አይነድም?" ብላ ጠየቀች። አሙዳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻት። አፏ አይከፈትም የተባለችው ልጅ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔስ ቤት ባስተምራት? እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ኢላንጎ "እትዬን ጠይቂያት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት የዋለች እሷ ናት" አለኝ። እናም ይኸው ጠየቅኩ።

የወንድምዎ ሚስት
ኮታይ


ኢፖ፣ ጁላይ 27 ቀን 1999

ለኮታይ፣ የወንድሜ ሚስት

ቤትሽ ዘይት አይጣ፣ መቅረዝሽም አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ዝናብን ከሬዲዮው ቀድማ ትናገራለች።

ኢላንጎ ያለሽ ግማሹ እውነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ውዬአለሁ፣ የዋልኩት ግን ካንቲን ነው። እኔ የማውቀው ልጅ ሲርበው ፊቱ ምን እንደሚመስልና አስተማሪዎች ሻይ ሲጠጡ ማንን እንደሚያሙ ነው። ቢሆንም ነገርሽ ልቤን ይዞት ዋለና በሻይ ሰዓት አነሳሁላቸው። የሒሳቡ አስተማሪ "ልጅን ከትምህርት ቤት ማውጣት ዓሣን ከባሕር ማውጣት ነው" አለ። ትንንሾቹን የምታስተምረው ሌቹሚ ደግሞ "ዓሣ መሆኗን ማን ነገረህ? ወፍ ብትሆንስ?" አለችው። ደወል እስኪደወል ተነታረኩ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።

እኔ ግን ከመፍረዴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ስለዚህ የምጠይቅሽን በእውነት መልሺልኝ። ወተቱ ሲገነፍልና ልጅቷ "ለምን?" ስትልሽ እኩል ቢሆን ወደ የትኛው ትሄጃለሽ? የሚያማት ትምህርት ቤቱ ይሁን ወይስ ይቺ አንዲት አስተማሪ ለማወቅ ክፍል አስቀይረሽ አይተሻል? ቤት ከዋለች ከማን ጋር ትጣላለች? አትሳቂ፣ ልጅ የሚጣላው እኩያ ከሌለው ከእናቱ ጋር ነው የሚጣላው። በታይ ወር፣ በጃንዋሪ አጋማሽ፣ የሠርግ ትእዛዝ ሲጎርፍና በዚያ ቤት ሥራ ፈት እጅ ሲጠፋ ማን ያስተምራታል? እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ እንደከበደሽ ኢላንጎ ጽፎልኛል። ልጅቷን የምትፈልጊያት ልታስተምሪያት ነው ወይስ እንድታጫውትሽ? አትቀየሚኝ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፦ አሙዳን ራሷን ስትጠይቂያት ምን አለችሽ?

አባባን ሰላም በያቸው።

ሲቫካሚ


ናቺያርኮይል፣ ኦገስት 15 ቀን 1999

ለተከበሩ እትዬ ሲቫካሚ

ጉልበትዎን አምላክ ያጽናልዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተቀየምኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሳቅሁ።

የደረሰብኝ ነገር አለ፣ ከእሱ ልጀምር። አሙዳ ጆሮ ደግፍ ያዛትና አሥር ቀን ቤት ዋለች። ጉንጮቿ አብጠው አባቷ "የሸክላ ማሰሮ" እያለ ያሾፍባት ነበር። እኔም ይህ ፈተና ነው ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በሦስተኛው ቀን ማካፈል አልገባ ሲላት ጮህኩባት፣ እርሳሱንም ወረወርኩት። ወተቱም ገነፈለ፣ ልጅቷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። በአምስተኛው ቀን ግን አባቷ የመዳብና የዚንክ ክፍልፋዩን ለአዲስ ቅልጥ ሲያሰላ አጠገቡ ቁጭ አለች። ማታ መጥታ ማካፈልን ለእኔ አስረዳችኝ። ስለዚህ እኔ ብቻዬን አይደለሁም አስተማሪዋ፣ ወርክሾፑም ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ መጀመሪያ የተማርኩት እኔ ሆንኩ።

ክፍል እንዲያስቀይሩልኝ ለምኛለሁ። ሌላው ክፍል ስልሳ ስምንት ልጆች አሉት። የምትጣላት ጓደኛ አለቻት፣ ቴንሞሊ ትባላለች፣ አሮጌ ጋዜጣ የሚገዛው ሰውዬ ልጅ ናት። ሲጣሉ መንደሩ ይሰማል፣ ሲታረቁም ይሰማል።

ስለ እኔ የጠየቁኝ አመመኝ፣ ምክንያቱም እውነት አለበት። እናታችን ካረፉ ወዲህ ከጠዋት እስከ ምሳ የማናግረው ሰው የለኝም። በጆሮ ደግፉ ሰሞን ቤቱ ሙሉ ነበር። ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለእኔ? ሁለቱም ነው መሰለኝ። ሁለቱም ከሆነ ኃጢአት ነው እንዴ?

በታይ ወር ያሉት አያሳስብዎ። ያን አንድ ወር እናርፋለን፣ ሠርጉ ሲያልፍ እንቀጥላለን። መጻሕፍቱ የት ይሄዳሉ?

አባባ ነገሩን ሰምተው "ቤት ማስተማር ቀላል ይመስላል" አሉና ወደ ወርክሾፑ በር ተመለሱ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ኮታይ


ናቺያርኮይል፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1999

ለተከበሩ እትዬ ሲቫካሚ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አምስት ሳምንት ሙሉ ፖስተኛው በራችንን አልፎ ሲሄድ አየሁ። ታመሙ ይሆን? ወይስ ተቀየሙኝ? በድፍረት የጻፍኩት ቃል ካለ ይቅር ይበሉኝ።

ትምህርት ቤቱ እንደምንቀጥል ወይም እንደምናቆም ከኦክቶበሩ የመሣሪያ በዓል ዕረፍት ማግስት አሳውቁን ብሏል። ባለፈው ሳምንት አሙዳን ለአንድ ቀን አንደኛ ክፍል ልጆች መሃል አስቀመጧት፣ ማንበብ እንድትማር ነው አሉ። ቤት ስትመጣ አላለቀሰችም። ጋዜጣም አላነበበችም። እኔን የጨነቀኝ ይኸኛው ነው፣ እትዬ። እንደማስወጣት እያሰብኩ ነው። ያለ እርስዎ ቃል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ለበዓሉ ቤቱን ማጽዳት ጀምረናል። አባባም እንደ ልማዳቸው ያቺን በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገራቸውን ከሣጥን አውጥተው ፀሐይ አስመቷት። በየዓመቱ ከመሣሪያዎቹ ጋር ያስቀምጧታል፣ ፈትተዋት ግን አያውቁም። የድሮ ሞረድ ትመስለኛለች።

እባክዎ ይጻፉልኝ።

ኮታይ


ኢፖ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1999

ለኮታይ እህቴ

ይህን ብቻሽን አንብቢው። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽምም። ሆድ ይፍጀው ብዬ አርባ አራት ዓመት የያዝኩትን አንድ ዓረፍተ ነገርሽ ቀሰቀሰብኝ። "መጻሕፍቱ የት ይሄዳሉ?" ብለሽ ጻፍሽ። ልክ እንዲሁ ብሎ የነገረኝ ሌላ ሰው ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል። የወር አበባዬ መጣና ሴት ሆነች ተባልኩ፣ ድግስ ተደገሰ፣ የብርጭቆ አምባር እስከ ክርኔ ሞሉልኝ፣ ደስ ብሎኝ ስዞር ዋልኩ። ድግሱ ሲያበቃ አባባ ጠሩኝና "ከእንግዲህ መንገድ ላይ መታየት የለብሽም፣ እኔ ቤት አስተምርሻለሁ" አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ጥቁር ሰሌዳ ገዙልኝ። በየጠዋቱ እቶኑ ከመለኮሱ በፊት ሒሳብ በናስ ክብደት አስተማሩኝ፣ ከመማሪያ መጽሐፌም አስነበቡኝ። እውነት ልናገር፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዓለም ሁሉ ወርክሾፑ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ቀን።

ከዚያ ታይ ወር ገባ፣ የሠርግ ትእዛዝ ጎረፈ። እኔም መቅረዝ ስወለውል፣ ለሠራተኛው ምግብ ስሸከም ዋልኩ። "መቼ እንቀጥላለን?" ስላቸው "ሠርጉ ይለፍ፣ መጻሕፍቱ የት ይሄዳሉ?" አሉኝ። ሠርጉ አለፈ። እናታችን ታመመች። ቀጥሎ መኸር ሆነ። መጽሐፌ ከመደርደሪያው ጠፋ። ሸጠውት ወይም መቅረዝ ጠቅልለውበት ይሆናል። እያነበብን የነበረው የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ታሪክ ነበር። ሰባት ቦታ ቆፍሮ ውኃ አጥቷል፣ ስምንተኛው ላይ ጆሮውን መሬት ላይ ደፍቶ ሲያዳምጥ ገጹ አለቀ። እኔ እስከዛሬ እዚያው ነኝ።

ኢላንጎ ያኔ ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ አያውቅም። አባባ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ለእናታችን ልቅሶ ያልመጣሁት ሥራ ይዞኝ ነው ብዬ ጻፍኩላችሁ። ውሸት ነው። እዚያ በር ላይ ተቀምጠው ላያቸው ስላልፈለግኩ ነው።

ኮታይ፣ አታስወጫት አልልሽም። የናንተ ወርክሾፕ ከማንም ትምህርት ቤት በላይ ሊያስተምር እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤት ግን ሥራ አለበት፣ ሥራም ሁልጊዜ ከልጅ ትምህርት ይቀድማል። እኔ የቀረሁት በጭካኔ ሳይሆን በጥድፊያ ነው። ደግሞም ያኔ ማንም አልጠየቀኝም። አንቺም ስድስት ጠየቅሁሽና አምስት መለስሽልኝ። ስድስተኛው የት ሄደ?

ሲቫካሚ


ናቺያርኮይል፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1999

ለተከበሩ እትዬ ሲቫካሚ

እግርዎ ላይ ወድቄ ነው ይህን የምጽፈው። ደብዳቤዎን ብቻዬን አላነበብኩትም። ምድጃም አልገባም። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱብኝ።

የደረሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም በአዩዳ ፑጃ፣ በመሣሪያዎቹ በዓል ቀን። መሣሪያውና መጻሕፍቱ ሁሉ የሰንደል ቅባት ተቀብተው በአበባ ተሸፍነው ተደርድረዋል፦ የኢላንጎ መዶሻዎች፣ ጉጠቶቹ፣ ሚዛኑ፣ የእኔ ቢላዋ፣ የአሙዳ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የአባባም ቀይ ጥቅል። ፖስተኛው ሲጠራ ሮጬ ተቀበልኩና ልቀደው ስል አባባ "ኮታይ! ዛሬ?" አሉኝ። ያውቃሉ፣ በዚያ ቀን ፊደል አይነበብም፣ እንኳን ደብዳቤ የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳ አይነበብም። "እዚያው ላይ አድርጊው፣ እሱም ይረፍ" አሉኝ። በአሙዳ መጻሕፍት ላይ አስቀመጥኩት። እስኪነጋ ልቤ እዚያው ፖስታ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ሁሉም ዕቃውን አነሳ። ኢላንጎ መዶሻውን አንስቶ ናሱን ሦስት ጊዜ መታ። እኔ አንድ ሽንኩርት ቆረጥኩ። "አሁን አንቺ፣ መጽሐፍሽን አንሺና ጥቂት መስመር አንብቢ፣ ዓመቱ እንዲሞላልሽ" አልናት። አሙዳ መጽሐፉን ትታ ፖስታውን አነሳች።

"እሱ የእኔ ነው፣ አስቀምጪው" አልኳት።

"መጽሐፌን እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። የዚህን መጨረሻ ግን አላውቅም።"

እጄን ስዘረጋ አባባ ከለከሉኝ። "በዛሬ ጠዋት የተነሳ ተመልሶ አይቀመጥም። ታንብብ። የልጄ ደብዳቤ ነው፣ እኔም ልስማ።"

ቀደደችው። የመጀመሪያው መስመር "ይህን ብቻሽን አንብቢው" ይላል። እሱንም ጮክ ብላ አነበበችው! አባባ ሳቁ። "ሲቫካሚ ከልጅነቷም ምስጢር ትወዳለች። ቀጥዪ" አሉ።

እትዬ፣ ሁለት መስመር ማንበብ አትችልም የተባለችው ልጅ ሦስቱን ገጽ አንድ ቦታ ሳትደናቀፍ አነበበችው። አምባሩ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ፈካ። "አሥራ ስምንት ቀን" ስትል አባባ በቀስታ "ሃያ አንድ ነው" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። "ሃያ አንድ ቀን ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።" ኢላንጎ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ። "ላያቸው ስላልፈለግኩ ነው" የሚለው ላይ ስትደርስ ልነጥቃት ተነሳሁ። አባባ እጃቸውን አንስተው አቆሙኝ። እስከ ስምዎ ድረስ አነበበችው።

ከዚያ ዞር ብላ "እማዬ፣ ስድስተኛው ጥያቄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አሙዳን ስትጠይቂያት ምን አለችሽ የሚል ነው።"

"እኔን እኮ አልጠየቅሽኝም።"

"አልጠየቅኩሽም" አልኳት። ለምን እንዳልጠየቅኳት ለእርስዎም ልንገርዎ። ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ ብትለኝስ ብዬ ፈርቼ ነው።

በዚህ መሃል አባባ ጎንበስ ብለው ቀዩን ጥቅል አነሱ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ስኖር ሲፈቱት አይቼ አላውቅም። ክሩን መፍታት አቃታቸውና ኢላንጎ ፈታላቸው። ሞረድ አይደለም። የስድስተኛ ክፍል የታሚል መማሪያ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ በልጅ እጅ "ሲቫካሚ" ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩም የተሳለች ወፍ አለች። የአንድ ገጽ ጥግ ታጥፏል። ለአሙዳ ሰጧትና "ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች እዪ" አሏት።

ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ አልተቀመጡም። ትናንት ደብዳቤ ልጽፍ ነውና ምን ልበልልዎ አልኳቸው። "አልሸጥኩትም በያት" አሉኝ።

ስድስተኛውን ማክሰኞ ዕለት እዚያው ጠየቅኳት። መልሷን እኔ አልጽፈውም። ወረቀት ሰጥቻታለሁ፣ ከዚህ ጋር አብሮ ይደርስዎታል። አላየሁትም።

ጥፋተኛዋ ኮታይ


ናቺያርኮይል፣ በዚያው ቀን

ለአክስቴ ለሲቫካሚ

እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። የደብዳቤውን አራት ጥግ እርድ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ መልካም ወሬ የያዘ ደብዳቤ እርድ ይቀባልና ክፉ ወሬ እንዳይመስልዎት። ትንሽ ፊደሉ ላይም ፈሷል።

እማዬ ጠየቀችኝ። አሰብኩና መለስኩ። ቤት መማር እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት ሁላችንም አንድ ላይ ጮኸን ስናነብ ፊደሎቹ ይሸሹኛል። ቀስ ብዬ ሳነብ ደግሞ አስተማሪዋ ገጹን ትገልጠዋለች። ግን ቴንሞሊን እወዳታለሁ። ጠዋት እስከ ድልድዩ ልሸኛት፣ ከሰዓት ደግሞ ልቀበላት እማዬ ፈቅዳለች። አባቷ ጋዜጣ ስለሚገዛ አንዳንዴ የእኔን ቀሪ ገጽ ታመጣልኛለች። የጠፋውን ዝሆን ወሬ መጨረሻ ያገኘችልኝ እሷ ናት። ዝሆኑ ተገኝቷል።

እማዬ ሳልችል እንዳትጮህ ነግሬያታለሁ። እሞክራለሁ አለች። በታይ ወር እሷም አባቴም ሥራ ስለሚበዛባቸው አያቴ ናቸው የሚያስተምሩኝ። ዓይናቸው ደቃቅ ፊደል ስለማያይ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያሰላሉ። መዶሻው ላይ እጃቸውን አስቀምጠው እንዲምሉ አደረግኳቸው። አንድ ቀንም አይቀርም ብለው ማሉ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ግድግዳው ላይ መስመር እሠምራለሁ፣ እንዳንከራከር። በየዓመቱ መሣሪያ በሚነሳበት ጠዋት እንዲጠይቁኝም ነግሬያቸዋለሁ። መልሴ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ያኔ ቢጠይቁዎት ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ደብዳቤዎ ላይ የለም።

ደግሞ መጽሐፍዎን አንብቤዋለሁ። ጥጉ የታጠፈው ገጽ አርባ አንድ ነው። ታሪኩ የሚያልቀው አርባ አራት ላይ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው ምን እንደሰማ ልንገርዎት?

አሙዳ


ኢፖ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1999

ለአሙዳ፣ የወንድሜ ልጅ

ፊደል አይሽሽሽ፣ ገጽም አይቆረጥብሽ። እርድሽ እስከ ጣቴ ደርሷል፣ ይኸው ይህን ስጽፍ ጣቴ ቢጫ ነው።

ለጥያቄሽ መልስ ፍለጋ አራት ቀን አሰብኩ። ሻይ ሳፈላ ሳስብ ሁለት ጊዜ ስኳር ጨምሬ አስተማሪዎቹ ጮኹብኝ። ያኔ ቢጠይቁኝ "ይህን ገጽ ልጨርስ" እል ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አላውቅም፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ግን ገጹን ባስጨርሱኝ ኖሮ ቀጥሎ ያለውን እለምን ነበር መሰለኝ።

ለእናትሽ ጥፋተኛ አይደለሽም በያት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ በበዓል ሰሞን ፖስታ ቤት የከተትኩት እኔ ነኝ። ለመልስሽም አንቺን አመሰግናለሁ። ለሌቹሚ አነበብኩላት። "ወፍ ናት አላልኩም?" ብላ ሻይዋን ሳትከፍል ሄደች።

ለአያትሽ ደግሞ ይህን አንብቢላቸው፣ ጮክ ብለሽ። አባባ፣ ሃያ አንድ ቀን መሆኑን አምኛለሁ። እኔ ሦስቱን እሑዶች አልቆጠርኳቸውም ነበር፣ እርስዎ ግን እሑድም አስተምረውኛል። አሁን ትዝ አለኝ።

ካንቲኑን ለሁለት ወር ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ። የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጥኩት ለጃንዋሪ 13 ነው፣ ታይ ወር ከመግባቱ በፊት እንድደርስ። በዚያ ወር ቤታችሁ እጅ እንደሚያጥረው አውቃለሁ። መቅረዝ መወልወል አልረሳሁም። ጠዋት ጠዋት ግን፣ እቶኑ ከመለኮሱ በፊት፣ ከአያትሽ ፊት አንቺ ከምትቀመጪበት አጠገብ ቦታ ያዢልኝ።

ጉድጓድ ቆፋሪው ምን እንደሰማ አትንገሪኝ። ጥጉንም እንዳትዘረጊው።

አክስትሽ
ሲቫካሚ